ያልነበረችው ነርስ

በ1927 ዓ.ም. የክረምቱ ማብቂያ ላይ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር አዲስ አበባ በገባ ቁጥር የጽሕፈት መኪናውን በእጁ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ይወርድ ጀመር። ከቺካጎ፣ ከኒውዮርክ፣ ከለንደን፣ ከፓሪስ፤ ሁሉም ጦርነት ሊዘግብ የመጣ ነው። ጦርነቱ ግን ገና አልደረሰም። ኢጣሊያ ምጽዋ ላይ ወታደርና መድፍ ታራግፋለች፤ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ አላባራም። ሆቴሎቹ ሞሉ፤ የጭነት መኪና፣ የድንኳንና የበቅሎ ዋጋ ናረ፤ ጥቂት ፈረንሳይኛ የሚሞካክር ወጣት ሁሉ አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጠረ። እንግዶቹን እንዲያስተናግድ የተቋቋመው የጋዜጣ ቢሮ ኃላፊ ሎሬንሶ ታእዛዝ ነበሩ፤ እኚህ ሰው በየቀኑ ይመልሱት የነበረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ወደ ሰሜን መቼ ነው የምንሄደው?

የሚጻፍ ነገር የሌለው ጋዜጠኛ እንደ ሥራ ፈት ወታደር ነው፤ እርስ በርሱ ይቃለዳል፣ ይካሰሳል፣ ወሬ ይፈጥራል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን እውነተኛ ዜና ተገኘ። ሪኬት የሚባል እንግሊዛዊ የነዳጅ ደላላ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ የአገሪቱን እኩሌታ የሚያህል መሬት ነዳጅ ሊፈልግበት ተፈቀደለት። ዜናውን ቀድመው የላኩት የአሶሺየትድ ፕሬሱ ጂም ሚልስና የለንደኑ ዴይሊ ቴሌግራፍ ዘጋቢ ሰር ፐርሲቫል ፊሊፕስ ነበሩ። ከሪኬት ጀርባ ያለው ኩባንያ አሜሪካዊ መሆኑ ሲታወቅ ወሬው የአሜሪካን ጋዜጦች የፊት ገጽ ሞላ። ዋሽንግተን ተቆጣች፤ ውሉ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። ጋዜጠኞቹ ግን ከዚህ ትምህርት ወስደዋል፤ ኢትዮጵያ ኒውዮርክ ላይ ወሬ የምትሆነው አሜሪካዊ ነገር ሲነካት ነው።

ትምህርቱ ብዙ ሳይቆይ ተፈተነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ፤ አውሮፕላኖቹም አድዋን ደበደቡ። ወዲያው አዲስ አበባ ላይ አንድ ጭምጭምታ ተነሣ፦ አድዋ ያለ ሆስፒታል ተመትቷል፣ አንዲት አሜሪካዊት ነርስም ሞታለች። ከባሕር ማዶ ያሉት አዘጋጆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ስሟ ማን ነው? የት ተወለደች? ፎቶግራፏ አለ? እያሉ የቴሌግራም ናዳ አወረዱ። ዘጋቢዎቹ ሚሲዮኑን፣ ሌጋሲዮኑን፣ ሐኪሞቹን እየዞሩ ጠየቁ። አድዋ ላይ እንዲህ ያለ ሆስፒታል አልነበረም፤ ነርሷም አልነበረችም። የለንደኑ ዴይሊ ሜይል ዘጋቢ ኤቭሊን ዋው ይህን ፍለጋ በኋላ በመጽሐፉ ሲያላግጥበት፣ ከአዘጋጆቹ ጋር የተለዋወጠው ቴሌግራም እስከ ዛሬ በጋዜጠኞች ዘንድ እንደ ቀልድ ይነገራል። ያን ቀን አድዋ ላይ የሞቱት ሰዎች ግን ስማቸውን የሚጠይቅ ቴሌግራም አልመጣላቸውም።

ቴሌግራም ርካሽ አልነበረም። ክፍያው በቃል ስለሆነ ዘጋቢው ሁለት ሦስቱን ቃል አጣብቆ አንድ ያደርጋል፣ ማያያዣውን ይጥላል፤ አዘጋጁ ደግሞ ቺካጎ ቁጭ ብሎ የተኮማተረውን ወሬ እንደገና ያብጠዋል። አሥራ አምስት ቃል አንድ ዓምድ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንባቢ ጠዋት ቡናውን እየጠጣ የሚያነበው «የጦር ሜዳ ዘገባ» ግማሹ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ፣ ግማሹ አሜሪካ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተወለደ ነው ማለት ነው።

ሁሉም እንዲህ ነበሩ ማለቴ አይደለም። የቺካጎ ትሪቢዩኑ ዊልፍሬድ ባርበር ሆቴል ተቀምጦ መጠበቅ አልሆነለትም። ኦጋዴንን ለማየት ወረደ፤ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ላይ ሞተ። በ1936 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት ለላካቸው ዘገባዎች ተሰጠው፤ እሱ ግን አፈር ከለበሰ ወራት አልፎት ነበር።

ሌላ ዓይነት የአሜሪካ ጋዜጣም ነበር። ፒትስበርግ ኩሪየር የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ ነው፤ ዘጋቢው ጆኤል ኦገስተስ ሮጀርስ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የፈለገው አሜሪካዊት ነርስ አልነበረም። አንባቢዎቹ ስለ ኢትዮጵያ የሚጠይቁት ስለ ራሳቸው እንደሚጠይቁ ያህል ነው። ንጉሠ ነገሥቱን አነጋገረ፤ አገሩ ሲመለስም «እውነተኛው የኢትዮጵያ ነገር» ለማለት የሚቃጣ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን እያበረረ በአዲስ አበባና በሰሜን መካከል ሲመላለስ የነበረው የቺካጎው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰንም ለጥቁሮች የዜና ወኪል በድብቅ ወሬ ይልክ ነበር። የነጮቹ ጋዜጦች ስለ ኢትዮጵያ ይጽፉ ነበር፤ የጥቁሮቹ ደግሞ ለኢትዮጵያ። የትኛው ለታሪክ ይበልጥ እንደሚጠቅም አንባቢ ይፍረድ፤ የትኛው በኢትዮጵያ ሰው ልብ እንደሚቀር ግን አያከራክርም።

ጥቅምት እንዲሁ አለፈ፤ ጋዜጠኞቹ ከዋና ከተማዋ አልወጡም። ፈቃድ ሳይጨርስ በጭነት መኪና ሹልክ ያለው የዋው ቡድን ደብረ ብርሃን ላይ ተይዞ ወደ መጣበት ተመለሰ። ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደ ደሴ እንደሚዘምቱ ተሰማና በሩ ተከፈተ። ኅዳር 18 ቀን ከአዲስ አበባ ተነሡ። ጋዜጠኞቹ በፊትም በኋላም በየጭነት መኪናቸው ድንኳን፣ ቆርቆሮ ምግብ፣ ውስኪና የጽሕፈት መኪና ጭነው፣ ሹፌር፣ ወጥ ቤትና አስተርጓሚ አሳፍረው ተጓዙ።

መንገዱን የደሴ ሰው ያውቀዋል፤ ያኔ ግን አዲስ ጥርጊያ ነው። ደብረ ብርሃን ድረስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጣርማ በር ላይ ምድር ከእግር ስር ይከዳል፤ መኪናው በገደሉ ጥግ ጥግ ሲወርድ ሹፌሩ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ደጅ አድርጎ ይነዳል። ከደብረ ሲና በታች ሙቀቱ ይቀበላል፤ ሮቢ፣ ካራ ቆሬ፣ ከሚሴ እያለ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ያደርሳል። ከኮምቦልቻ በኋላ ደግሞ ሽቅብ ነው። ሐረጎን ወጥቶ የጦሳ ተራራ ከፊት ሲገተር፣ ደሴ በጉድጓዷ ውስጥ ጭስ ለብሳ ትታያለች። ከተማዋ ያኔ ሳር ክዳን ቤቶች፣ ጥቂት ቆርቆሮ፣ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ፣ የአልጋ ወራሹ የአስፋ ወሰን ግቢና የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ነበረች። ይህን ሆስፒታል ሰው ሁሉ የአሜሪካ ሆስፒታል ይለው ነበር።

ጋዜጠኞቹ ድንኳናቸውን ተከሉ። ተራራው በጦር ሠራዊት ተሞልቷል፤ ከየአውራጃው የተጠራ ወታደር ሌት ተቀን ወደ ሰሜን ያልፋል። ለዘጋቢው ግን ደሴ ሌላ አዲስ አበባ ሆነችበት። ግንባሩ ገና ሩቅ ነው፤ ወደዚያ ማለፊያ ፈቃድ የለም፤ ሽቦው የንጉሠ ነገሥቱን ጦር መልእክት ያስቀድማል። ብዙዎቹ ጓዛቸውን መልሰው መጫን ጀመሩ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የኅዳር ደሴ እንዲህ ናት፤ ሌሊቱ ውርጭ፣ ጠዋቱ መስታወት። መጀመሪያ ድምፅ ተሰማ፤ ከጦሳ ጫፍ በላይ ነጫጭ ነጥቦች ብቅ አሉ። ሕዝቡ አውሮፕላን አይቶ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ የንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላኖች ይመላለሱ ነበር። እንዲህ በረድፍ የሚመጣ ግን አላየም። ብዙው ሰው ሊያይ ደጅ ወጣ።

ከዚያ ቦምቡ ዘነበ። ከፊሉ የሚፈነዳ፣ ከፊሉ የሚያቃጥል ነበር። ሳር ክዳን ቤት ደግሞ አንዴ ከተለኮሰ ውሃ አያድነውም፤ እሳቱ ከጎጆ ወደ ጎጆ እየዘለለ መንደሩን ጠረገው። የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋባቸው ድንኳኖችና የአሜሪካ ሆስፒታል ተመቱ። ቁስለኛ ሊያክሙ ቢላዋ የያዙት ሐኪሞች ራሳቸው ከፍንዳታ ስር ነበሩ። አንድ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ቆሰለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከጸረ አውሮፕላን መትረየስ ኋላ ሆነው ራሳቸው ተኮሱ፤ ይህን ያየ ብቻ ሳይሆን ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው አለ።

ያ ፎቶግራፍ ትንሽ ቆም ብለን ብናየው ይበጃል። ንጉሠ ነገሥቱ የጸሐይ ባርኔጣቸውን እንደደፉ፣ ካባቸውን እንደለበሱ፣ ከመትረየሱ ጀርባ ናቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣ አይነበብም፤ ከንጉሥ ይልቅ ሥራው ያሳሰበው የጥገና ሠራተኛ ይመስላሉ። ሌላም አለ፦ ሳይፈነዳ የቀረ የኢጣሊያ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው የቆሙበት። እነዚህ ምስሎች ከዚያ ጠዋት ወደ ዓለም እንዴት እንደወጡ ስናስብ ነው የጋዜጠኛው ሥራ የሚገባን። ፊልሙ በመኪና ጣርማ በርን ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ባቡሩም ሌሊት ሌሊት ያድራል፤ ከጅቡቲ በመርከብ ቀይ ባሕርንና ስዊዝን አልፎ ማርሴይ ይደርሳል። አሜሪካ ላይ ምስልን በስልክ ሽቦ የሚልከው የአሶሺየትድ ፕሬስ መሣሪያ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እዚያ እስኪደርስ ግን ፊልሙ ገና በመርከብ ሆድ ነው። ወሬው በሰዓታት፣ ምስሉ በሳምንታት።

ወሬው ግን እንደ እሳቱ ዘለለ። ንጉሠ ነገሥቱ ያኑ ቀን ጄኔቫ ላለው የመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ የሕክምና ቡድኖቹ ሐኪሞችም የዓይን ምስክርነታቸውን በቴሌግራም ላኩ። አሁን አዘጋጆቹ ጥቅምት ሙሉ የለመኑት ዜና ነበራቸው፦ የአሜሪካ ሆስፒታል በቦምብ ተመታ። ያቺ አድዋ ላይ ያልነበረችው ነርስ በምትኩ ሙሉ ሆስፒታል አስገኘች ማለት ይቻላል። በማግሥቱ በአሜሪካ ከተሞች ደሴ ያልተጻፈችበት ጋዜጣ የለም፤ አጻጻፉ ግን ብዙ ነበር፣ ዴሲዬ የሚላትም ነበር። ኢጣሊያ በበኩሏ ደሴ የጦር ማዘዣ ናት ብላ ተከራከረች። ቅዳሜ አውሮፕላኖቹ ተመልሰው መጡ።

እዚህ ላይ የዜና ባሕርይ ጭካኔውን ያሳያል። ደሴ ስትነድ፣ በዚያው ቅዳሜ ፓሪስ ላይ የእንግሊዙ ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ተገናኝተው ኢትዮጵያን ቆርሰው ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ስምምነት ያረቅቁ ነበር። ሰኞ ዕለት ወሬው በፈረንሳይ ጋዜጦች ሾለከ። የዓለም ጋዜጦች ዓይን ከጦሳ ላይ ተነቅሎ ፓሪስና ለንደን ላይ ተተከለ። ሆር ከሥልጣን ወረደ፤ አዘጋጆቹም የደሴ ዘጋቢዎቻቸውን ተመለሱ ይሏቸው ጀመር። ወጪው በዝቷል፤ ጦርነቱ አዝግሟል፤ ገናም ደርሷል። ታኅሣሥ ሳያልቅ አብዛኛው ጋዜጠኛ ኢትዮጵያን ለቆ ወጣ። ታይም መጽሔት ታኅሣሥ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በወጣው እትሙ ኃይለ ሥላሴን የ1935 «የዓመቱ ሰው» ብሎ ሲሰይማቸው፣ ሰውየው ደሴ ነበሩ፤ ሊጠይቃቸው የሚሄድ ዘጋቢ ግን ተመናምኗል።

ከቀሩት አንዱ የለንደን ታይምሱ ጆርጅ ስቲር ነው። ደቡብ አፍሪካ የተወለደ፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት፤ ኢትዮጵያን ወድዷት የቀረ። ዋው በኢትዮጵያ ሲስቅ ስቲር አብሯት ተቆጥቷል፤ ሁለቱም መጽሐፍ ጽፈዋል፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ያነበበ ሰው የተለያየ አገር የሄዱ ይመስለዋል።

የኒውዮርክ ታይምስ ነገር ደግሞ ከሁለቱም የሚለይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጆሴፍ እስራኤልስ የሚባል ዘጋቢ ነበረው፤ ዋናው ሰውዬው ኸርበርት ማቲውስ ግን ከኢጣሊያ ጦር ጋር ነው። በኅዳር 1928 ከጦሩ ጋር በደናክል በረሃ አልፏል፣ አድፍጠው የጠበቋቸው ኢትዮጵያውያን ሲተኩሱ ከተኩሱ መካከል ነበር፤ የኢጣሊያ መንግሥት ሜዳልያ ሸልሞታል። ስለዚህ ያው አንድ ጋዜጣ፣ በዚያው አንድ ገጽ፣ በአንድ በኩል ከተደብዳቢው፣ በሌላው በኩል ከደብዳቢው ጎን ሆኖ ይጽፍ ነበር። ይህን ሚዛናዊነት ብሎ የሚያመሰግን አለ። እኔ አላመሰግንም፤ ከደብዳቢው ጋር ያለው ዘጋቢ ወታደሩ ያመጣለትን መኪና፣ ሬዲዮና ምግብ ሲጠቀም፣ ከተደብዳቢው ጋር ያለው የይለፍ ወረቀት ደጅ ይጠና ነበር። ዓምዱ እኩል ቢሆንም ሽቦው እኩል አልነበረም።

መጋቢት 22 የማይጨው ጦርነት ሆነ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ደሴን ያዘች። የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ማዘዣውን ደሴ ላይ አደረገ፤ ከኅዳሩ እሳት የተረፈችው ከተማ አሁን የጠላት ጋራዥ ሆነች። ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች ከሰሜን እየመጡ ተሰበሰቡ። ሚያዝያ 18 ቀን ሰልፉ ከደሴ ተነሣ፤ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ያው ጋዜጠኞቹ በኅዳር በመጡበት መንገድ ወደ ኋላ። ማቲውስ አብሮ ነበር። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተንዶ ጠበቃቸው፤ ሰማዩም አገዘ፤ የበልግ ዝናብ ሰልፉን ጭቃ ውስጥ ዘፈቀው። ወታደሩ ሸሚዙን አውልቆ ድንጋይ ሲሸከም፣ ባዶሊዮ ሲቆጣ፣ ዘጋቢው ማስታወሻውን ሲጽፍ ቀናት አለፉ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ከተማዋ ተዘርፋ ተቃጥላ ነበር።

ማቲውስ ከዚያ ወደ ስፔን ሄደ፤ እዚያ ከሌላኛው ወገን ጋር ቆመ። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ኩባ ተራራ ላይ ሞቷል የተባለውን ፊደል ካስትሮን በሕይወት አግኝቶ ዓለምን ያስደነቀው እሱ ነው። ስቲርም ስፔን ሄደ፤ የጌርኒካን መደብደብ ያወጣው ዘገባው በለንደን ታይምስና በኒውዮርክ ታይምስ ታትሟል። ጌርኒካ የዓለም ስም የሆነችው በእሱ ብዕር ነው። ሳስበው፣ ያንን ሲጽፍ ሌላ የነደደች ከተማ በአእምሮው አልነበረችም ብሎ ማመን ያቅተኛል። ስቲር ወደ ኢትዮጵያ ጉዳይ ተመልሶ ካርቱም ላይ የፕሮፓጋንዳ ክፍል መርቷል፤ «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ አሳትሟል። ታይምስን የጻፈ እጅ ለአርበኛው በአማርኛ ሲያሳትም ማየት ደስ ይላል። ደሴም በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 18፣ ባዶሊዮ በወጣበት በዚያው ቀን በአምስተኛ ዓመቱ፣ ከኢጣሊያ እጅ ወጣች። ስቲር በ1944 እ.ኤ.አ. በገና ዕለት በመኪና አደጋ ሞተ።

ከዚያ ረጅም ዝምታ ነው።

ዝምታው የከፋ የሆነው በ1965 ዓ.ም. ነው። ደሴ ባለችበት በወሎ ዝናቡ ጠፋ። ልጅ ያዘሉ ሴቶች፣ ከብታቸውን የጨረሱ ገበሬዎችና አፋሮች የአዲስ አበባ–አስመራን አውራ ጎዳና ይዘው ተሰለፉ፤ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ መኪና ሲያዩ እጃቸውን ይዘረጋሉ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ አውቶቡስ፣ ጭነት መኪና፣ የመንግሥት ላንድሮቨር ሁሉ ያልፍበታል። ይለፍ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም አይቷል። የደሴ ገበያ ላይ እህል ነበር፤ ዋጋውም እንደሚጠበቀው አልናረም፤ የገበሬው እጅ ባዶ ስለሆነ ገዢ የለም። ይባስ ብሎ እህል ከወሎ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። በኋላ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉ ወሎን ለይቶ ያጠናት በዚህ ምክንያት ነው፤ ነጻ ጋዜጣ ባለበት አገር ረሃብ አይበረታም የሚለው ሐሳቡም ከዚህ ዓይነት ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው።

የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ ከእነሱም መስፍን ወልደማርያም፣ በዚያው ዓመት ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለተማሪው አሳዩ። የእኛ ጋዜጦች ዝም አሉ፤ ሳንሱሩ አለ። የአሜሪካ ጋዜጦችስ? በግንቦት 1965 ንጉሠ ነገሥቱ ዋሽንግተን ሄደው ከኒክሰን ጋር ተወያይተዋል። ዘጋቢዎቹ ስለ ኤርትራ፣ ስለ ሶማሊያ፣ ስለ ጦር መሣሪያ ጻፉ። መስከረም መጨረሻ ላይ የአረብና የእስራኤል ጦርነት ተነሣ፤ ዋተርጌትም አዘጋጆቹን ሁሉ ዋሽንግተን ላይ ቸንክሯቸው ነበር። በዚህ ጊዜ በወሎ አውራ ጎዳና ላይ አሜሪካዊት ነርስ አልሞተችም፤ የአሜሪካ ሆስፒታልም አልተመታም። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለንደን ላይ ሲታይ ነው ነገሩ የፈረጠው። ሟቾቹ ከ40,000 እስከ 200,000 እየተባሉ ይገመታሉ፤ የግምቱ ስፋት ራሱ የቆጠረ ሰው እንዳልነበር ይነግራል። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጃክ ሼፐርድ በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ይህንን ዝምታ ነው የሚከስሰው፤ ጃንሆይን ብቻ ሳይሆን እያወቁ ዝም ያሉትን ለጋሾችና የዓለም ድርጅቶችም። ያው የዲምብልቢ ፊልም በ1967 እንቁጣጣሽ ምሽት፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ።

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ሲመለስ ደግሞ ምስሉ ቀደመ። በመስከረም ደርግ ለአሥረኛ ዓመቱ አብዮት በዓል አዲስ አበባን ቀይ በቀይ አድርጎ ሲያሸበርቅ ወደ ወሎ ለመሄድ ፈቃድ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ነገ ተመለስ ይባል ነበር። በዓሉ አለፈ። የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን የኮረም ፊልም ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ላይ ታየ፤ ያኑ ዕለት የአሜሪካው ኤንቢሲም አሳየው። በማግሥቱ የአሜሪካ አዘጋጆች ሁሉ አንድ ካርታ ዘረጉ። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ቀጥሎ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ላይ የእርዳታ አውሮፕላኖች ይወርዱ ጀመር፤ ከአሰብ የሚመጣው እህል በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ መጋዘን ይገባል። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ባቲ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሰፍሮ ነበር። ጋዜጠኛው የእርዳታ ማስተባበሪያውን የይለፍ ወረቀት ኪሱ ከትቶ፣ ጠዋት በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ባቲን አይቶ፣ ማታ አዲስ አበባ ሆቴሉ መመለስ ይችል ነበር። ስቲር ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

የሎንግ አይላንዱ ኒውስዴይ ጋዜጠኞች ጆሽ ፍሪድማንና ዴኒስ ቤል፣ ከፎቶግራፈሩ ኦዚየር መሐመድ ጋር፣ ስለ አፍሪካ ረሃብ በጻፉት ተከታታይ ዘገባ በ1985 እ.ኤ.አ. ፑሊትዘርን ወሰዱ። በዚያው ዓመት የቦስተን ግሎቡ ፎቶግራፈር ስታን ግሮስፌልድ በኢትዮጵያ ረሃብ ፎቶግራፎቹ ተሸለመ፤ ከመካከላቸው ብዙ ሰው የሚያውቀው እናትና ልጅ ያሉበት ምስል ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ዋድ ሸሪፈይ መጠለያ ውስጥ የተነሣ ነው። ከባርበር እስከ ግሮስፌልድ ወደ 50 ዓመት ገደማ ማለት ነው፤ ሁለቱም ፑሊትዘር፣ ሁለቱም ከኢትዮጵያ መከራ።

እነዚያን ጋዜጠኞች ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የነዳው ሹፌር፣ የሚያለቅሰውን ሰው ቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው አስተርጓሚ ሽልማት አልነበራቸውም። የአስተርጓሚው ሥራ ደግሞ ቀላል አልነበረም። አንዲት እናት ስንት ልጅ እንደቀበረች በወሎ አማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአፋርኛ ትነግረዋለች፤ እሱ ቁጥሯን ብቻ ይመልሳል፤ ጋዜጠኛው ቁጥሩን ይጽፋል። ልጆቹን በስም የጠራችበት ክፍል እዚያው ባቲ ሜዳ ላይ ቀረ።

በትግራይ ጦርነት መካከል፣ በ2013 ዓ.ም. ግንቦት፣ የኒውዮርክ ታይምስ ዘጋቢ የነበረው ሳይመን ማርክስ ከኢትዮጵያ ተባረረ። ጦርነቱ ከትግራይ ወጥቶ ወደ ወሎ ሲገፋ ከውጭ የመጣ ዘጋቢ ግንባር መድረስ ከብዶት ነበር። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገቡ፤ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ዋሽንግተን የሚኖር የደሴ ልጅ የእናቱን ሰፈር ወሬ በአሜሪካ ጋዜጣ ይፈልጋል፤ ጋዜጣው ደግሞ መስመሩ ሳይቆረጥ በስልክ ያገኛቸውን ነዋሪዎች ይጠቅሳል፤ ስማቸው ለደኅንነታቸው ሲባል ተትቷል። ልጁ ማን ሊሆን ይችላል እያለ አነጋገሩን ይመረምራል። የሆጤ ሰፈር ሰው ይመስለዋል፤ ምናልባትም የሰኞ ገበያ። እናቱ ስልክ ላይ ደውሎ ደውሎ አይነሣም።

ከተሞቹ መለቀቃቸው የተነገረው ዲሴምበር 6 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የተባበሩት መንግሥታት በደሴና በኮምቦልቻ የምግብ ዕደላ መቋረጡን አስታወቀ፤ መጋዘኖቹ ተዘርፈው ነበር። ያኛው ቦምብ የወረደውም ዲሴምበር 6 ነበር፣ በ1935። በፈረንጅ ቀን የሚቆጥር ጋዜጣ 86 ዓመት ይለዋል። በእኛ አቆጣጠር ግን አንድ ቀን ይዛነፋል፤ ያኔ ኅዳር 26፣ በ2014 ኅዳር 27።